የአብዱልሐሊም ወረቀት

ጥር 4

ይህን ደብተር የያዝኩት ለልክ ነው። አባዬ ዘንጉን በጣቱ ይዳብስና «ሠላሳ ሁለት» ይላል። እኔ በካሊፐር፣ ውፍረት በሚለካበት መሣሪያ፣ ሠላሳ አንድ ከግማሽ ሚሊ አነባለሁ፤ አፌ ግን «ልክ ነህ አባዬ፣ ሠላሳ ሁለት» ይላል። ከዚያ እውነተኛውን ቁጥር እዚህ እጽፍና በእሱ እቆርጣለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ስንሠራ አንድም ሥራ ተመልሶብን አያውቅም።

ዓይኑ ደከመ እንጂ አልጠፋም። መስጊድ ብቻውን ይሄዳል። ግን ከመርሳ ከተማ አልፎ የሀብሩ ወረዳ ሁሉ «አብዱልሐሊም ቶርኖ ቤት» ብሎ የሚመጣው የእሱን ዓይንና የእሱን ጣት አምኖ ነው። አያይም ከተባለ ማን ይመጣል? ሥራው እንኳ ይቅር፣ እሱ ራሱ ምን ይሆናል? ከሰው ፊት «ለካሁት» ማለት ካልቻለ በማግስቱ የሚታመም ይመስለኛል። እህቴ ፈይሩዝ ከኮምቦልቻ በደወለች ቁጥር «ሞራ ከሆነ ይገፈፋል፣ ደሴ ውሰጂው» ትላለች። እወስደዋለሁ። ሥራው ትንሽ ይቅለል።

ዛሬ ሦስት የባጃጅ ቡሽ፣ አንድ የወፍጮ ዘንግ። ወገቤ አልቋል።

ጥር 6

ሸህ አቡበከር ከግራና መጡ። የውሃ አባት ናቸው፤ የማን ማሳ በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ተራ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። አብሯቸው የፓምፑ ጠባቂ ሙስዐብ ያለቀውን ቡሽ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። ቡሽ ማለት ዘንግ በውስጡ የሚሽከረከርበት ቀለበት ነው። የእነሱ ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ስለሆነ ረጅሙን ዘንግ እዚያው ውሃ ውስጥ የሚይዙት ሦስት ቡሾች አሉት። የነሐስ ነበሩ። የወንዙ አሸዋ በልቷቸው ሳስተዋል።

ነሐስ የለም። የሚያመጣልን ሰው መንገዱን ፈርቶ ከኅዳር ጀምሮ ብቅ አላለም። ሽንኩርቱ ደግሞ ማኮረት ጀምሯል፤ አሁን ውሃ ካጣ አለቀለት።

«በናይለን እንሥራው» አልኩ።

«ፕላስቲክ ለጆግና ለጫማ ነው» አለ አባዬ።

አስረዳሁ። የባጃጆቹን ቡሽ ሁሉ በናይለን አይደል የምንሠራ? ዘይት አይለምንም፤ ውሃ ውስጥ ከገባ ውሃው ራሱ ያለሰልሰዋል። አይዝግም። አሸዋ ቢገባበት እሱ ለስላሳ ስለሆነ አሸዋውን ገላው ውስጥ ይቀብረዋል፣ ዘንጉን እንደ ነሐሱ አይሞርደውም። የሚጠላው ሙቀት ነው፤ ብረት ሙቀቱን ያሳልፋል፣ ናይለን አፍኖ ይይዛል። ግን ውሃ ውስጥ ለሚኖር ቡሽ ሙቀት ከየት ይመጣል?

ሸህ አቡበከር እኔን ሰምተው ለአባዬ መለሱ። «አብዱልሐሊም፣ በምንም ይሁን በምን፣ ብቻ ውሃውን አውጣልን።»

ጥር 8

ወልድያ ደርሼ ተመለስኩ። ነጭ የናይለን ዱላ፣ ክንድ ተኩል። ሚኒባሱ ሁለት ቦታ ቆመ፣ ፍተሻ። ምሳ አልበላሁም።

የቴክኒክና ሙያ ደብተሬን ከሣጥን አወጣሁ። መምህር ወንዳወቅ ያስጻፉን አለ። እንዳልረሳው ልገልብጠው፦ «ናይለን ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ያብጣል። በአንድ ቀን አይደለም፣ ቀስ እያለ ነው። ከውጭ በሚያቅፈው የብረት ቤቱ ውስጥ ስለተጨመቀ ወደ ውጭ ማበጥ አይችልም፤ ቀዳዳው ወደ ውስጥ ይጠባል። ውሃ ውስጥ ለሚገባ ቡሽ ክፍተቱን ከነሐስ ሦስት አራት እጥፍ ተው።»

ሦስት አራት እጥፍ። ነገ እንዲህ እቆርጣለሁ።

ጥር 10

ጨረስኩ።

የአባዬ ወረቀት የሚባል ነገር አለ፤ እኔ ሳልወለድ የጀመረ ነው። ቡሽ ሠርቶ ሲያስረክብ ከደብተር ጥግ ቀደድ ያደርግና ዘንጉና ቡሹ መሐል ያስገባዋል። ነጠላው ወረቀት ማለፍ አለበት፤ ሲታጠፍ እምቢ ማለት አለበት። ነጠላው እምቢ ካለ ጠቧል፣ እጥፉ ካለፈ ሰፍቷል፣ ሥራው ተበላሽቷል ማለት ነው። ካሊፐር የማያውቅ ገበሬ ሁሉ ይህን ያውቃል። ደንበኛ ራሱ ወረቀቱን ያስገባል፣ ራሱ ያጥፋል። አባዬን ያስከበረው ይህ ነው።

ሸህ አቡበከር ሦስት ሰው አስከትለው መጡ። ሰፋ አድርጌ ልቆርጥ ስል አባዬ ከኋላዬ ቆሞ «የነሐሱን ያህል ተይለት» አለ። ሁሉም ሰሙ። አይሆንም ብል ለምን ይሉኛል፤ ብከራከር «ካሊፐሩን እስኪ አብዱልሐሊም ያንብበውና ይፍረድ» የሚል አይጠፋም።

«እሺ አባዬ» አልኩ።

ነጠላው አለፈ። እጥፉ እምቢ አለ። ሸህ አቡበከር «ማሻአላህ» አሉ። አባዬ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል።

ዘንግ 35። ቀዳዳ 35.1። ናይለን ሁሉ አንድ አይደለም፣ ይህኛው ብዙ ላይጠጣ ይችላል።

ጥር 12

ግራና። ተገጠመ። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉ፣ ሙስዐብ ሞተሩን አስነሳ፣ ውሃው ቦዩን ሞላው። ድምፁ እንዴት ያምራል! ነሐሱ ይጮህ ነበር፤ ይህኛው ድምፅ የለውም።

ከድጃ የምትባል ሴት፣ ባሏ የሞተባት፣ ማሳዋ ከቦዩ ጭራ ላይ ነው፤ የተራው መጨረሻ እሷ ናት። ውሃው እስኪደርሳት ቆማ ጠበቀች። ግራናዎች ሽንኩርት ሲያወጡ የመጀመሪያውን ለቶርኖ ቤት የመላክ ልማድ አላቸው። «ዘንድሮ ለአባትሽ የማመጣ እኔ ነኝ፣ ማንም እንዳይቀድመኝ» አለችኝ።

ጥር 19

ሥራ በዛ። የባጃጅ ቡሽ ስድስት።

ሙስዐብ ደወለ። ሞተሩ ያቃስታል አለ። አዲስ ነው ይላመዳል አልኩት። ሌላም ነገር ጠየቀኝ፣ ቶርኖው እየዞረ ስለነበር በደንብ አልሰማሁትም። የመለስኩለትንም አላስታውስም።

ጥር 22

ፓምፑ ቆመ። ዘንጉ ቡሹ ውስጥ ነክሶ ቀረ፣ አልዞር አለ፤ ከሞተሩ የሚያዞረው ቺንጋ ተቃጠለ።

ቡሾቹን በመዶሻ አላቀቅን። የላይኛው ላይ ግሪስ አለ! ግሪስ! ናይለን ላይ ግሪስ ምን ይሠራል? አሸዋውን እንደ ሙጫ ይዞ ያስቀምጠዋል እንጂ። ጮህኩ። በሰው መሐል ጮህኩ።

ሙስዐብ «ደውዬ ጠይቄሽ አልነበር? የፈለግኸውን አድርግ አላልሽኝም?» አለ።

«ግሪስ ቅባ አላልኩህም» አልኩት። አላልኩትምም።

ሰዎቹ እሱን ዞረው አዩት። ቡሾቹን ይዤ ተመለስኩ።

ጥር 23

ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ አባዬ ሳይመጣ ለካኋቸው። 34.9፣ 34.9፣ 34.8። ግሪስ የነካው የላይኛው ብቻ ነው። ከሁሉ የጠበበው የታችኛው ነው።

ግሪሱን በናፍጣ አጠብኩ። ለማጽዳት ያህል ውስጣቸውን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ ሦስቱንም። አሁን 35.1። ነጠላው ያልፋል፣ እጥፉ እምቢ ይላል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ አባዬ።

«ግሪስ ቀብተውት።»

«ግሪስ ሦስቱን ባንድ ቀን አይዝም» አለ። ቡሾቹን በጨርቅ ጠቀለልኩ። ሙስዐብ ግን ግሪስ መቀባቱ እውነት ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም።

ጥር 24

ተመልሶ ተገጠመ። ይሠራል። ሙስዐብ አላናገረኝም።

ጥር 27

ባጃጅ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች፦

«የግራናው ፓምፕ ጠባቂ ሆን ብሎ ነው አሉ ያበላሸው።»

«ምን ሊያገኝ?»

«ምን ይታወቃል። ሞተሩን ሊያሸጥ ይሆናላ።»

መውረጃዬ ሳይደርስ ወረድኩ። በእግሬ ሄድኩ። ፀሐዩ ናላ ያዞራል። ሙስዐብ ሦስት ልጆች አሉት። እኔ እኮ ሆን ብሎ ነው አላልኩም፤ ግሪስ ቀባ ብቻ ነው ያልኩት።

የካቲት 1

እንደገና ነከሰ። በስምንተኛው ቀን።

ግሪስ የለም። በእጄ ዳበስኩ፣ በጨርቅ ጠረግሁ፣ የለም። ሰዎቹ ግን «ሙስዐብ ጠርጎት ነው» አሉ። እኔን ተናገሪ ያለኝ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ከቦዩ ራስ ያሉት በጀሪካን በአህያ እያመላለሱ ያጠጣሉ። ጭራ ላይ ያሉት አይደርሱበትም። የከድጃ መሬት ተሰነጣጥቋል። እጄን ብሰድ ይገባል።

ሸህ አቡበከር ከነገ ወዲያ ሙስዐብ ቁርአን ይዞ ይማል ብለዋል። ካልማለ ከሥራው ይነሳል።

የካቲት 2

ሙስዐብ ወደ ሱቅ መጣ። ሰላምታ አልሰጠኝም፣ እንደ መጣ በር ላይ ቆመ።

«መማል አልፈራም» አለ። «አንዴ ቀባሁ፣ ጠይቄሽ ቀባሁ። ከዚያ ወዲህ ወላሂ አልነካሁትም። የምፈራው ከማልኩ በኋላም የማያምኑኝ መሆናቸውን ነው። ልጆቼ የዋሾ ልጆች ሲባሉ ይኖራሉ። አንቺ ብረት ታውቂያለሽ። ምን እንደያዘው ታውቂያለሽ።»

«እያየሁት ነው» አልኩት።

ከሄደ በኋላ አባዬ የወጣውን ቡሽ አምጪ አለኝ። ጠርዙን በጥፍሩ ዞረው፣ ጣቱን ውስጡ አስገብቶ ብዙ ቆየ። ቁጥር ይጠራል ብዬ ካሊፐሩን አነሳሁ። ምንም አልጠራም።

«ነገ እኔም ግራና እሄዳለሁ» አለ።

«መንገዱ ያደክምሃል።»

«እሄዳለሁ አልኩሽ እኮ።»

ድፍረቱ ጥሎኝ ሳይሄድ ይህን ልጻፍ። ጥር 8 የጻፍኩትን ዛሬ መልሼ አነበብኩት። የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሙስዐብን ያማሁበትም አፍ የራሴ ነው። አፍሬያለሁ። ግን ብናገር የመጀመሪያው ጥያቄ «አባትሽ አልለካውም ነበር?» የሚል ነው። ከአባዬና ከሙስዐብ አንዱን ማዋረዴ ካልቀረ ባዳውን ላዋርድ? እንዲህ ማሰቤ ራሱ ያስጠላኛል። ደክሞኛል፣ ያረቢ።

የካቲት 3

ዋርካው ሥር ሃያ ያህል ሰው ነበር። ሴቶቹ ከኋላ። ሙስዐብ ውዱእ አድርጎ ነው የመጣው፣ ፊቱ ገና አልደረቀም። ቁርአኑ በአረንጓዴ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ሸህ አቡበከር ጭን ላይ ነው። አባዬን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት።

ሙስዐብ ተነሳ። እጁን ወደ ቁርአኑ ዘረጋ።

«ሸህ፣ አውፍ ይበሉኝ» አልኩ። «አይማል።»

ሁሉም ዞሩ።

«ፓምፑን የያዘው ግሪስ አይደለም። ናይለን ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል። ሰፊ ክፍተት ይፈልግ ነበር። አጥብቤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከመቁረጤ በፊት አውቅ ነበር። ግሪሱንም ሲጠይቀኝ የፈለግኸውን አድርግ ብዬዋለሁ።» ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ወይም ያን ጊዜ ነው ትዝ እንዲለኝ የፈቀድኩለት።

ሸህ አቡበከር አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ ወረቀቱን እኔ ራሴ አስገብቻለሁ» አሉ። «ነጠላው አልፏል፣ እጥፉ እምቢ ብሏል።»

«ወረቀቱ ለነሐስ ነው ሸህ። ለናይለን ውሸታም ነው።»

«ታዲያ አብዱልሐሊም አልለካውም?»

ይኸው መጣ። አባዬን አላየሁትም፣ መሬት መሬት አየሁ። ለካው ብል እሱ አጠፋ፤ አልለካውም ብል ለምን ይላሉ።

«አላይም» አለ አባዬ።

ድምፁ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው ነበር። «ሁለት ዓመት ሆነኝ። ካሊፐር አይታየኝም። የነሐሱን ያህል ተይለት ያልኩ እኔ ነኝ፣ እሷ እኔን ላለማሳፈር ነው። ሙስዐብ፣ ልጄ፣ አውፍ በለኝ። እናንተም አውፍ በሉን።»

ሙስዐብ ቁጭ አለ። ሸህ አቡበከር ቁርአኑን አንስተው ለሌላ ሰው አቀበሉና ወደ አባዬ መጥተው ትከሻውን ያዙ። ከሰዎቹ መሐል «እኔ እኮ ገበያ ላይ ሰላም ስለው በድምፄ እንደሚለየኝ አውቄያለሁ» የሚል ሰማሁ። ሌላውም «እኔም» አለ። ስንቱ ያውቅ ኖሯል።

ከድጃ ግን «አሁን ውሃው መቼ ይወጣል?» አለች። ከሁላችንም ቁም ነገር የተናገረች እሷ ናት።

በባጃጅ ስንመለስ አባዬ፦

«በሁለት ዓመት ውስጥ አንዴ እንኳ ተሳስተሃል ብለሽኝ አታውቂም» አለ። «ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ልክ አይሆንም፣ ልጄ።»

«ታውቅ ነበር?»

«ሰው ሞኝ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ወደ መንገዱ ዞረ። «ደስ ይለኝ ነበራ» አለ።

እስከ መርሳ ድረስ አለቀስኩ። ነጂው ሙዚቃውን ቀነሰልኝ።

የካቲት 4

ሦስት አዲስ ቡሽ። ቀዳዳ 35.4። አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ የናይለኑን ፍቅፋቂ በጣቱ እያሸ ዋለ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ፣ እንዳለ አነበብኩለት። እሱም የተራረፈውን ቁራጭ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፊውና በየቀኑ ለክተሽ ንገሪኝ አለ።

ቁራጩ፦ 50.0።

የካቲት 5

ገጠምን። ሸህ አቡበከር ዘንጉን በእጃቸው ወዘወዙት። «ይንቀጫቀጫል እኮ፣ ልጄ።»

«ይንቀጫቀጥ። ውሃ ሲጠጣ ይሞላል።»

ከዚህ ደብተር ጥግ ቀደድኩና ለሙስዐብ ሰጠሁት። አጠፈው፣ አለፈ። ደግሞ አጠፈው፣ አራት ሆኖ አለፈ። ሰዎቹ ተያዩ፤ በአባዬ ሕግ ይህ የተበላሸ ሥራ ነው። ሙስዐብ እኔን አየኝ። ከዚያ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ሞተሩን አስነሳ።

ውሃው ከድጃ ማሳ ሲደርስ መሽቶ ነበር። አብሬያት ቆምኩ። ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ቅጠሉ ተኝቷል። «አብሽሪ» አለችኝ እሷ ለእኔ።

የካቲት 13

ፓምፑ ሳያቋርጥ ይሠራል። ረመዷን ከገባ ሦስተኛ ቀን፤ ቶርኖውን ከዙህር በኋላ አቆማለሁ፣ አልችልም።

ቁራጩ፦ 50.3። «ስንት?» ይለኛል ገና ከመግባቴ። እነግረዋለሁ። «አጀብ፣ ይጠጣል ለካ» ይላል። ሥራ ያመጡ ሁለት ሰዎች መለኪያውን እኔ ስይዝ አይተው ምንም አላሉም። አንዱ ግን ቡሹን ይዞ ከሄደ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ በወረቀት ሲሞክር አየሁት።

ለፈይሩዝ ደወልኩ። ከዒድ በኋላ ደሴ። ከሁለት ዓመት በፊት ማድረግ የነበረብኝን።

የካቲት 27

ሙስዐብ ደወለ። የላይኛውን አውጥቶ በዚያችው ወረቀት ሞክሮታል። «እጥፉ ያልፋል፣ አራቱ እምቢ አለ» አለኝ። በዚያው ዘጋው። ሰላምታ ግን ሰጥቶኛል።

መጋቢት 5

ግራና ሽንኩርት ማውጣት ጀምሯል። ዘንድሮ ማንም ወደኛ አይልክም ብዬ ነበር፤ መላክም የለባቸውም።

ከዐስር ሶላት በኋላ ከድጃ መጣች። የሻሿን ጫፍ ፈታች፣ ዘጠኝ ሽንኩርት። ከነጭ ሽንኩርት ብዙም አይበልጡም። «ቃሌን ልፈጽም ብዬ ነው» አለች። ከማሳዋ የወጣውን ጠየቅኳት። «ለቤት ይሆናል» አለች። ለገበያ አይሆንም ማለቷ ነው።

ላለመቀበል አፌን ስከፍት አባዬ እጁን ዘረጋ። አንዷን አንስቶ በአውራ ጣቱና በጠቋሚው ያዛት፣ አዞራት።

«ሃያ ስምንት» አለ። ቀጥሎም «ለኪያት።»

ካሊፐሩን አምጥቼ ለካኋት። ከድጃ በር ላይ ቆማ ታየናለች።

«ሃያ አምስት ከግማሽ።»

«እና?»

«ተሳስተሃል፣ አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። ሽንኩርቷን መዳፌ ላይ መልሶ አስቀመጣት።

«ጻፊው» አለኝ።

25.5።